በእጅ ሬዲዮ ሳተላይት መስማት፣ በሳተላይትም ማውራት፦ ለአንድ ጀማሪ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በእጅ የምትያዝ ባለ ሁለት ባንድ ሬዲዮ አለችኝ። የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በአናቴ ሊያልፍ መሆኑን የስልኬ መተግበሪያ አሳየኝና 437.800 ሜጋኸርዝ አስገብቼ ጠበቅኩ። ሽሽሽ ከሚል ድምፅ በቀር የሰማሁት የለም። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ትልቅ ዲሽና ውድ ዕቃ የግድ ነው? የማስተላለፊያ ፈቃድ ገና የለኝም። እስካገኝ ድረስ የምሠራው ነገር አለ? እኔን መሰል ጀማሪስ በእውነት በሳተላይት ሰው ማነጋገር ይችላል?»

ምላሽ፦

ይችላል፣ ወንድሜ። ለጀማሪ ዲሽ አያስፈልገውም። አምስት ዋት የምታወጣ የእጅ ሬዲዮና በእጅ የሚያዝ ቀላል አንቴና ያለው ሰው ከሁለትና ከሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ካለ ሰው ጋር በሳተላይት ያወራል። በየቀኑ የሚደረግ ነገር ነው። አንተም ዘንድ ግማሹ ዕቃ አለ። የጎደለህ በአብዛኛው ማዳመጫው በኩል ነው።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው በዚህ ሥራ ውስጥ ጀማሪውን የሚያሸንፈው መናገር ሳይሆን መስማት ስለሆነ ነው። ከምድር ወደ ሳተላይት መድረስ ቀላል ነው። ከሳተላይት የሚመጣውን ደካማ ድምፅ መያዝ ግን ሙያ ይጠይቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ለምን እንዳልሰማህ እንይ። ሌላው ሁሉ ከዚያ ይወጣል።

ሽሽታውን መስማትህ ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል። ስኩዌልቹ፣ ማለትም ደካማ ድምፅ እንዳይሰማ የሚዘጋው የሬዲዮዋ በር፣ ተከፍቷል ማለት ነው። ብዙ ጀማሪ ስኩዌልቹን ዘግቶ ይጠብቃል። የሳተላይት ምልክት ደካማ ስለሆነ የተዘጋውን በር ሊከፍት አይችልም፤ ሬዲዮዋ ዝም ትላለች። ሌላው ደግሞ ለማስተላለፊያ የሚያስፈልገውን የ67 ኸርዝ ቶን (ከንግግሩ ጋር እንደ መክፈቻ የሚላክ ዝቅተኛ ድምፅ) መቀበያው ላይም ያስገባል። ያኔ ድምፁ ቢመጣ እንኳ ሬዲዮዋ አታሰማም። አንተ ከሁለቱም ወጥመድ ነፃ ነህ። የቀሩት አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ዶፕለር ነው። ጣቢያው በሰከንድ ከሰባት ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይጓዛል። ወደ አንተ ሲመጣ ፍሪኩዌንሲው ከፍ ይላል፤ ሲርቅ ዝቅ ይላል። በ145 ሜጋኸርዝ ባንድ ልዩነቱ ሦስት ተኩል ኪሎኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ኤፍኤም ሬዲዮ ይታገሠዋል። በ437 ሜጋኸርዝ ግን ወደ አሥር ኪሎኸርዝ ይደርሳል። ይህ ደካማ ምልክትን ከሬዲዮህ መስኮት ውጭ ለማድረግ ይበቃል። አንተ 437.800 ላይ ቆመህ ስትጠብቅ፣ ድምፁ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያለው 437.810 አጠገብ ነው። በትክክል 437.800 ላይ የሚሆነው ጣቢያው በጣም በሚቀርብህ ሰዓት ብቻ ነው። ያ ደግሞ ቶሎ ያልፋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። አምስት ሜሞሪ ቻናል አዘጋጅ፦ 437.810፣ 437.805፣ 437.800፣ 437.795፣ 437.790። ጣቢያው ከአድማስ ብቅ ሲል በመጀመሪያው ጀምር። ድምፁ መሻከር ሲጀምር ወደሚቀጥለው ውረድ። መሃሉ ላይ ለውጡ ይፈጥናል፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ይዘገያል። ጥቂት ጊዜ ከሠራህ በኋላ ጣትህ ራሷ ታውቀዋለች። ሬዲዮዋ «ናሮው» ላይ ከሆነች ደግሞ ወደ «ዋይድ» መልሳት። አብዛኞቹ የኤፍኤም ሳተላይቶች ሰፊውን ነው የሚጠቀሙት። በጠባቡ ስታዳምጥ ድምፁ ይቆራረጣል፤ የዶፕለር ስህተትንም ያባብሳል።

ሁለተኛው አንቴናዋ ናት። ከሬዲዮዋ ጋር የመጣችው አጭር የጎማ አንቴና ኮረብታ ላይ ካለ ሪፒተር (የሰማውን መልሶ ከሚያስተላልፍ ሬዲዮ) ጋር ለማውራት የተሠራች ናት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ቀጥ ያለ አንቴና በጫፉ አቅጣጫ ምንም አይሰማም ማለት ይቻላል። የሚሰማው በጎኑ ነው። ሰው ግን በደመ ነፍስ ሬዲዮውን ቀጥ አድርጎ ወደ ሰማይ ይይዛል። ጣቢያው በአናቱ ሲያልፍ፣ ማለትም እጅግ በሚቀርብበት ሰዓት፣ የአንቴናውን ጫፍ እያመለከተበት ነው። በሚቀጥለው ዙር፣ ማለትም ጣቢያው እንደገና በሰማይህ ሲያልፍ፣ ሬዲዮዋን አጋድማት። አንቴናዋ ጣቢያው ካለበት አቅጣጫ ጋር መስቀለኛ ትሁን። ከዚያ የእጅህን አንጓ ቀስ እያልክ አዟዙር። ምልክቱ የሚጎላበትን ቦታ ራስህ ታገኘዋለህ። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ልዩነቱ ግን ይሰማል።

ሦስተኛው የዙሩ ከፍታ ነው። መተግበሪያው «በአናትህ ያልፋል» ሲል ስንት ዲግሪ እንደሆነ አይተሃል? ጣቢያው ከምድር በላይ 420 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው የሚበርረው። በትክክል በአናትህ ካለ ርቀቱ ያው 420 ነው። አድማስ ላይ ሲሆን ግን ከአንተ እስከ እሱ ያለው ርቀት ከ2300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በርቀት ሕግ ስናሰላው ምልክቱ ሠላሳ ጊዜ ያህል ይደክማል ማለት ነው። በዚያ ላይ ሕንፃው፣ ዛፉና ኮረብታው አለ። ስለዚህ ጀማሪ ከፍተኛ ነጥባቸው ከ30 ዲግሪ የማያልፍ ዙሮችን ቢተዋቸው ይሻለዋል። ከ45 ዲግሪ በላይ ያሉትን ምረጥ። በአናት የሚያልፍ ዙር ከአድማስ እስከ አድማስ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆያል። ለአንተ የሚጠቅሙህ መሃል ያሉት አራትና አምስት ደቂቃዎች ናቸው።

አራተኛው፣ እኔ ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው፣ የሚናገር ሰው አለመኖሩ ነው። 437.800 የጣቢያው ሪፒተር ነው። ሪፒተር በራሱ አይናገርም። ከምድር አንድ ሰው 145.990 ላይ ከ67 ኸርዝ ቶን ጋር ሲያስተላልፍለት ብቻ ያንን ይደግማል። ጣቢያው በሚያየው ሰፊ ክልል ውስጥ በዚያች ሰዓት የሚያስተላልፍ አማተር (ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅሩ ሬዲዮ የሚሠራ ሰው) ከሌለ፣ ሁሉን ነገር በትክክል ብታደርግም የምትሰማው ሽሽታ ነው። በውቅያኖስ በኩልና አማተሮች ጥቂት በሆኑበት አካባቢ ይህ የተለመደ ነው። ሌሊትም እንዲሁ። ሬዲዮው ራሱ የሚጠፋበት ጊዜም አለ። ጠፈርተኞቹ ከጣቢያው ውጭ ወጥተው ሲሠሩ ወይም መንኮራኩር ሊገናኝ ሲቃረብ ይዘጋል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከሪፒተርነት ወደ ሌላ ሥራ ይቀየራል።

ስለዚህ ማዳመጥህን የምትፈትሸው በራሱ በሚናገር ነገር ነው። የጠፈር ጣቢያው 145.825 ላይ የዲጂታል ፓኬት የሚለቅበት ጊዜ አለ። ድምፁ አጭር፣ ሻካራ «ብርርት» ነው። አንዴ ከሰማኸው አትረሳውም። ከዚህ የሚያስደስተው ግን 145.800 ላይ አልፎ አልፎ የሚላከው ሥዕል ነው። ኤስኤስቲቪ ይባላል። ሥዕል ወደ ድምፅ ተቀይሮ ይመጣል። በብዛት የሚጠቀሙበት ፒዲ120 የሚባለው ዓይነት ነው፤ አንዱን ሥዕል ለመላክ ሁለት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ስልክህ ላይ እንደ ሮቦት36 ያለ መተግበሪያ ትጭናለህ። ስልኩን ከሬዲዮዋ ድምፅ ማውጫ አጠገብ ታስቀምጣለህ። ሥዕሉ መስመር በመስመር ስክሪኑ ላይ ይወርዳል። ምልክቱ ሲደክም መስመሮቹ በነጠብጣብ ይሞላሉ፤ እጅህን አዙረህ ስታስተካክል ይጠራሉ። አንቴና እንዴት እንደሚያዝ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ስህተትህንም ልክህንም ወዲያው በዓይንህ ታየዋለህ። የጣቢያው ሬዲዮ ከሌሎች ትንንሽ ሳተላይቶች በጉልበት ስለሚበልጥም በእጅ ሬዲዮ ብቻ መያዝ ይቻላል።

እዚያው 145.800 ላይ ጠፈርተኞች ከተማሪዎች ጋር ሲያወሩም ይሰማል። ቀጠሮው አስቀድሞ ይነገራል። የሚሰማህ የጠፈርተኛው መልስ ብቻ ነው፤ የተማሪዎቹ ጥያቄ የሚሄደው በሌላ ፍሪኩዌንሲ ነው። ከጠፈር ሆኖ ከምድር አማተሮች ጋር በመጀመሪያ ያወራው ኦወን ጋሪዮት ነበር። በ1983 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኮሎምቢያ በተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ላይ ሆኖ ነው። የያዘው ሬዲዮም በእጅ የሚያዝ ነበር።

አሁን ወደ አንቴናው ልመለስ። ገንዘብም ጊዜም የሚገባው እዚህ ነው። ሬዲዮ ከመቀየርህ በፊት አንቴናህን ቀይር።

ትንሹ እርምጃ ረዘም ያለ ተመዛዥ ዘንግ ነው። ለ145 ሜጋኸርዝ ሩብ ሞገድ 49 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ያው ርዝመት በ437 ላይ ሦስት አራተኛ ሞገድ ስለሚጠጋ በሁለቱም ባንድ ይሠራል። ጥሩው እርምጃ ግን ያጊ አንቴና፣ ማለትም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያተኩር ባለ ብዙ ዘንግ አንቴና፣ መሥራት ነው። መሥራት ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የ437 ሜጋኸርዝ ያጊ ዘንጎች እያንዳንዳቸው ከ30 እስከ 34 ሳንቲሜትር ያህል ናቸው። አምስት ወይም ሰባት ዘንግ፣ አንድ ቀጭን እንጨት ወይም የፕላስቲክ ቱቦ፣ አንድ ሜትር የማይሞላ ኮአክሲያል ኬብል፣ ትንሽ ብየዳ። ዘንጉ የአልሙኒየም ወይም የነሐስ ሽቦ ሊሆን ይችላል። የአሮጌ ብረት ሜትር ቁራጭም ይሆናል። የተሞከረ ንድፍ ያዝና ልኩን በሚሊሜትር ጠብቅ፤ በዚህ ባንድ ጥቂት ሚሊሜትር ይቆጠራል። የዘንጉ ውፍረትም ንድፉ ከሚለው ብዙ አይራቅ። ለ145 ባንድ ደግሞ ሦስት ዘንግ ይበቃል፤ እነሱ አንድ ሜትር ገደማ ናቸው። ሁለቱን ባንድ በአንድ እንጨት ላይ፣ አንዱን ለሌላው መስቀለኛ አድርገህ መግጠም ትችላለህ።

እንዲህ ያለች ያጊ ከጎማዋ አንቴና ጋር ስትወዳደር ምልክቱን ከአሥር እጥፍ በላይ ታጎላዋለች። የምታይበት ማዕዘን ደግሞ ሃምሳ ዲግሪ ያህል ሰፊ ስለሆነ በጥንቃቄ ማነጣጠር አይጠበቅብህም። በግምት ከተከተልከው ይበቃል። ከማነጣጠሩ ይልቅ ማዞሩን ልመድ። ሳተላይቱ በጉዞው ላይ ይገላበጣል፤ የሞገዱ አቋም አንዴ ቁም አንዴ አግድም ይሆንብሃል። ድምፁ ድንገት ሲጠፋ «አለፈ» ብለህ አትተወው። አንቴናዋን ሩብ ዙር ጠምዝዛት፤ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ኬብሉን አሳጥረው። በ437 ሜጋኸርዝ ቀጭንና ረጅም ኬብል በአንቴናው ያገኘኸውን ሁሉ ሊበላብህ ይችላል።

ዕቃ የምትገዛ ከሆነ ሁለተኛ ሬዲዮ ሳይሆን ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ የኤስዲአር ዶንግል (በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ) ግዛ። መቀበያ ብቻ ነው፣ አያስተላልፍም። ያለ ፈቃድ ለሚጀምር ሰው ከዚህ የተሻለ ዕቃ ያለ አይመስለኝም። ምክንያቱም ሬዲዮዋ የማታሳይህን ያሳይሃል። ስክሪኑ ላይ ዋተርፎል የሚሉት አለ፤ ባንዱ ሁሉ በጊዜ ተዘርግቶ ይወርዳል። ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር ካየህ ምንጩ እዚያው ቤትህ ወይም ሰፈርህ ውስጥ ነው፤ የስልክ ቻርጀር ወይም የመብራት ዕቃ ሊሆን ይችላል። እንደ ተለጠጠ የላቲን ኤስ ፊደል ታጥፎ የሚወርድ መስመር ካየህ ግን ሳተላይት ነው። ያ መታጠፍ ዶፕለሩ ነው። ጆሮህ ምንም በማይለይበት ድክመት ላይ ዓይንህ ይለየዋል። እግረ መንገድህን የእጅ ሬዲዮህ ያልሰማችው በአቅራቢያህ ባለ ኃይለኛ ጣቢያ ታፍና እንደሆነ ታውቃለህ። ርካሽ ሬዲዮዎች ላይ ይህ ይደርሳል። ያኔ ከጣሪያ ላይ ይልቅ ከማሠራጫ ማማዎች ራቅ ያለ ሜዳ ይሻላል።

ዙሩን የሚያሰላው መተግበሪያ የምህዋር መረጃ ይፈልጋል፤ ቲኤልኢ ይባላል። ለጠፈር ጣቢያው በየጥቂት ቀኑ አድሰው፤ ከፍታውን ለመጠበቅ ሞተር ስለሚያስነሳ አሮጌ መረጃ ያሳስትሃል። ለሌሎቹ በሳምንት አንዴ ይበቃል። የስልክህ ሰዓትና የቆምክበት ቦታ ልክ ይሁኑ። ከዙሩ በፊት ሦስት ነገር አጥና፦ ከየት በኩል እንደሚወጣ፣ ከፍተኛ ነጥቡ በየት አቅጣጫ እንደሆነ፣ የት እንደሚጠልቅ። ዙሩ ከጀመረ በኋላ ስክሪን እያዩ አንቴና መያዝ አይመችም።

ፈቃድን በተመለከተ። በብዙ አገሮች የአማተር ባንድን ማዳመጥ ብቻ ፈቃድ አይጠይቅም። ሆኖም ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያልና ያለህበትን አገር የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ጠይቅ። ማስተላለፍ ግን ያለ ፈቃድ አይቻልም፤ «ለሙከራ አንዴ ብቻ» የሚባል ነገርም የለም። ሳተላይቱ የሚሰማው ግማሽ አህጉር ነው። ስህተትህ ሰፈርህ ውስጥ አይቀርም። ፈተናውን አትፍራው። ኤሌክትሪክ፣ ሞገድ፣ አንቴናና ሕግ ነው። አንቴና በእጁ የሠራ ሰው ግማሹን ቀድሞ ያውቀዋል። ዓለም አቀፉ ደንብ አማተር ሬዲዮን ለራስ ትምህርት፣ ለእርስ በርስ መገናኛና ለቴክኒክ ምርምር የቆመ፣ የገንዘብ ጥቅም የሌለበት አገልግሎት ይለዋል። ለዚህም ነው ንግድና በምስጢር የተመሰጠረ ንግግር የማይፈቀደው።

እስከዚያ ድረስ የምትሠራው ትንሽ ነገር እንዳይመስልህ። የመጀመሪያዋ የአማተር ሳተላይት ኦስካር 1 በታኅሣሥ 1961 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስትወጣ የተሠራችው ለመደመጥ ብቻ ነበር። የአንድ ትልቅ ሳተላይት ማስወንጨፊያ ላይ እንደ ሚዛን መጠበቂያ የሚጫን ክብደት ነበር፤ በዚያ ፋንታ እሷ ገባች። ክብደቷ አራት ኪሎ ተኩል ገደማ፣ ኃይሏ ከአንድ ዋት ሰባተኛው እጅ ያህል ነበር። የምትለው በሞርስ «ኤች አይ» ብቻ ነው፤ «ሰላም» እንደማለት። ያቺ ቃል የምትደጋገምበት ፍጥነት ግን በሳተላይቷ ውስጥ ያለውን ሙቀት ይናገር ነበር። በ28 አገሮች ያሉ ከ570 በላይ ሰዎች አዳምጠው፣ ቆጥረው፣ ጽፈው ላኩ። ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ዝም አለች፤ በመጨረሻም ወድቃ ተቃጠለች። የሳተላይቷ ሥራ የተጠናቀቀው በአድማጮቹ ነው።

ዛሬም እንደዚያው ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚሠሯቸው ኩብ ቅርፅ ያላቸው ትንንሽ ሳተላይቶች ሲወጡ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሠሪዎቹ ጭንቀት አንድ ነው፦ ሕይወት አላት ወይ? መልሱን ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ከሌላ አገር ካለ አድማጭ ነው። በዶንግልህ የቀዳኸውን ቴሌሜትሪ፣ ማለትም ሳተላይቷ ስለ ራሷ የምትልከውን መረጃ፣ ብትልክላቸው ከልባቸው ያመሰግኑሃል። ሳትኖግስ የሚባል ክፍት የመቀበያ ጣቢያዎች መረብም አለ። በመላው ዓለም ያሉ ፈቃደኞች የሠሯቸው ጣቢያዎች የቀዱትን ድምፅና ዋተርፎል ማንም ማየት ይችላል። ለመስማት የምትፈልጋት ሳተላይት በእርግጥ እየሠራች እንደሆነ ከመውጣትህ በፊት እዚያ ተመልከት። ብዙ የባከነ ምሽት ያድንልሃል።

ፈቃዱን ስታገኝ በኤፍኤም ሳተላይት ትጀምራለህ። ከጠፈር ጣቢያው ሌላ ዕድሜ ጠገቧ ኤስኦ-50 አለች። በታኅሣሥ 2002 ነው የወጣችው። ወደ ላይ በ145.850 ከ67 ኸርዝ ቶን ጋር ትልካለህ፤ ወደ ታች በ436.795 ትሰማለህ። ከዚያ በፊት የ74.4 ኸርዝ ቶን ያለው አጭር ምልክት ለአሥር ደቂቃ ያነቃታል። ሳተላይቷ ራሷ የምታስተላልፈው በሩብ ዋት ብቻ ነው። ሩብ ዋት፣ ከብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት። ያጊውን ሥራ ያልኩህ ለዚህ ነው።

ንግግሩ አጭር ነው። የጥሪ ምልክትህን ትላለህ፣ ያለህበትን የካርታ ካሬ ትናገራለህ፣ ያኛው መልሶ የራሱን ይናገራል፣ አመሰግናለሁ ብላችሁ ትለያያላችሁ። ካሬው ምድርን በሁለት ዲግሪ ኬንትሮስና በአንድ ዲግሪ ኬክሮስ የከፈለ ነው፤ ሁለት ፊደልና ሁለት ቁጥር። ጀማሪ ይህን አጭርነት ቅዝቃዜ ይመስለዋል። አይደለም። ቻናሉ አንድ ነው፣ ጊዜው አሥር ደቂቃ፣ ጠባቂው ብዙ። ለመጻፍ አትቸገር፤ ዙሩን በስልክህ ቅዳና በኋላ ጻፈው። ሰዎቹ አዲስ ድምፅ ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ አዲስ ካሬ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ።

ነገር ግን ሳትሰማ አታስተላልፍ። ይህን በጣም አጥብቄ የምለው ነገሩን ስለምወደው ነው። በኤፍኤም ጉልበት ያለው ደካማውን ይውጠዋል። መልሱን የማይሰማ ሰው ጉልበቱን እየጨመረ ደጋግሞ ይጠራል። እሱ ዘንድ ዝም ያለ ይመስለዋል፤ ከሳተላይቱ በኩል ግን የሌሎቹን ሁሉ ንግግር እየሸፈነ ነው። አማተሮች እንዲህ ያለውን ጣቢያ «አዞ» ይሉታል፦ አፉ ትልቅ፣ ጆሮው ትንሽ። መድኃኒቱ እያስተላለፍክ የራስህን ድምፅ ከሳተላይቱ ማዳመጥ ነው። ሁለት ሬዲዮ፣ ወይም አንድ ሬዲዮና ዶንግል፣ እንዲሁም ጆሮ ማዳመጫ ያስፈልግሃል። የራስህ ድምፅ ተመልሶ ሲመጣ የምታውቀው መድረስህን ብቻ አይደለም፤ ሌላ ሰው ላይ መደረብህንም ነው።

እዚህ ላይ አንድ እሾህ አለ፣ ቀድሜ ልንገርህ። በ145 ባንድ እያስተላለፍክ በ437 ስታዳምጥ መቀበያህ ሊታፈን ይችላል። 145.850ን በሦስት አባዛው፤ 437.550 ይመጣል። የማስተላለፊያህ ሦስተኛ ድጋሚ ሞገድ መቀበያህ ባንድ ውስጥ ያርፋል ማለት ነው። ማይክራፎኑን ስትጫን ድምፁ ሁሉ የሚጠፋብህ ከሆነ ሳተላይቱን አትውቀስ። የሁለቱን አንቴናዎች አቋም መስቀለኛ አድርግ፣ አራርቃቸው፣ ኃይሉን ቀንስ፣ ካስፈለገ ማጣሪያ ግጠም። አምስት ዋት ከበቂ በላይ ነው።

ከኤፍኤም ቀጥሎ ያለው ዓለም ነው እኔን በበኩሌ የያዘኝ። ሊኒየር ትራንስፖንደር ይባላል። ሳተላይቱ አንድ ቻናል ሳይሆን አንድ የባንድ ቁራጭ በሙሉ ይቀበልና ወደ ሌላ ባንድ ቀይሮ ይመልሰዋል። በሞርስና በኤስኤስቢ (ከኤፍኤም ጠባብ ቦታ የሚይዝ የንግግር አሠራር) ብዙ ሰዎች ጎን ለጎን ረጋ ብለው ያወራሉ። በ2019 መጨረሻ የወጣችው አርኤስ-44 ስልሳ ኪሎኸርዝ ስፋት አላት። ከፍታዋ ከ1100 እስከ 1500 ኪሎ ሜትር ስለሆነ አንዱ ዙር ሃያ ደቂቃ ሊዘልቅ ይችላል። ስምና ካሬ ተለዋውጠህ፣ ስለ አንቴናህ ተጨዋውተህም ጊዜ ይተርፋል። እዚህ የኃይል ጉዳይ የጋራ ነው። ሳተላይቱ ያለውን ዋት ለሚያወሩት ሁሉ ያካፍላል። አንዱ ጉልበቱን ሲያበዛ የሌሎቹ ሁሉ ድምፅ ይወርዳል። ለዚህ ነው ጨዋ ጣቢያ ራሱን እያዳመጠ ድምፁ ከሌሎቹ እንዳይበልጥ ኃይሉን የሚቀንሰው።

ኤኦ-7ን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በኅዳር 1974 ነው የወጣችው። በ1981 ባትሪዋ አጭር ዙር ፈጥሮ ዝም አለች። ሰዉም ሞተች ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2002፣ አንድ አማተር በባንዱ ላይ የማያውቀው ሞርስ ሰማ። እሷ ነበረች። ያ አጭር ዙር ራሱ ተበጥሶ ኖሮ፣ ከፀሐይ ሰሌዳዎቿ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በቀጥታ ወደ ሬዲዮዋ መፍሰስ ጀምሯል። ባትሪ የላትም። ፀሐይ ሲያገኛት ትነቃለች፤ ወደ ምድር ጥላ ስትገባ ትተኛለች። ከሃምሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረች ሳተላይት ድምፅህን ተቀብላ ስትመልስ የሚሰማህ ነገር አለ። ደካማ ስለሆነች በእሷ ላይ ኃይል ማብዛት ክልክል ነው ብል አላጋነንኩም፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ራሷ ትጠፋለች።

ዲሽ የጠየቅከው ግን ቦታ አለው። ኪውኦ-100 የምትባለው በ2018 የወጣችው ኤስሃይል-2 ሳተላይት ላይ ያለች የአማተር ክፍል ናት። በ36 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ 25.9 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ቆማለች። አትወጣም፣ አትጠልቅም። ከአፍሪካ፣ ከአውሮፓና ከመካከለኛው ምሥራቅ ሌት ተቀን ትታያለች። ለመስማት የቴሌቪዥን ዲሽና ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ያለው መቀበያ) ይበቃል፤ ዶንግሉን ከኋላው ትሰካለህ። ለማስተላለፍ ደግሞ በ2.4 ጊጋኸርዝ ጥቂት ዋት ነው የሚያስፈልገው። ጥሩ ናት። ግን በእሷ አትጀምር። ዙር መከተልን፣ ዶፕለርንና አንቴና ማዞርን አታስተምርህም።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ የምታደርገውን ልንገርህ። አምስቱን ሜሞሪ ሙላ። ከ45 ዲግሪ በላይ የሆነ የቀን ዙር ምረጥ። የጣቢያው ሬዲዮ በዚያ ሳምንት በምን ሥራ ላይ እንዳለ አጣራ፤ ሪፒተር ካልሆነ ወደ 145.825 ወይም ወደ 145.800 ሂድ። ሜዳ ላይ ውጣ፣ አንቴናዋን አጋድም፣ አንጓህን አዙር፣ ድምፁን ቅዳ። ይህ ከሠራ ያጊውን ጀምር።

ካልሠራ መልሰህ ጻፍልኝ። የዙሩን ቀንና ሰዓት፣ ከፍተኛ ዲግሪውን፣ የትኛውን ፍሪኩዌንሲ በስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደያዝክ፣ አንቴናዋን በምን አቋም እንደያዝክና በዙሪያህ ያለውን ሕንፃ ንገረኝ። ቅጂውንም ላክልኝ። ሽሽታ ብቻ ቢሆንም ላከው። ኮምፒውተር ላይ ዘርግቼ ሳየው በመሃሉ የታጠፈች ቀጭን መስመር ልትኖርበት ትችላለች።